ሁምቦ፦ ከጉቶ የተመለሰው ደን እና ሰባቱ ማህበራት (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይሄን ጉዳይ መረጥኩ

እኛ አገር ስለ ደን ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ችግኝ ነው የሚሄደው። ስንት ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ የቱ ዝርያ ይሻላል ምናምን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፣ ግን ከነሱ በፊት መመለስ ያለበት ነገር አለ፦ መሬቱ የማን ነው፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ደርሶ ሲቆረጥስ ገንዘቡ ማን ኪስ ይገባል። ወላይታ ሁምቦ ላይ የተሰራው ስራ ይሄን ጉዳይ ከሁሉም አስቀድሞ ስለያዘው ነው በደንብ ተጽፎ መቀመጥ አለበት የምለው። ስለ ሁምቦ ብዙ ጊዜ የሚወራው ካርቦን ስለመሸጡ ነው (ዛፎቹ ከአየር የሚይዙት ካርቦን ተለክቶ በገንዘብ ይሸጣል ማለት ነው)፣ እኔ ግን የበለጠ ትኩረት የሚገባው የማህበራቱ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ፣ ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ስራውን እንዴት አሳድጎ ለህዝብ ማህበራት እንዳስረከበ (እና የቱ ጋ እንደከበደው) እዛ ውስጥ ይታያል።

የግለሰብ ስም አልጠቅስም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው እና የኋላ ታሪኩ

ሁምቦ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ወረዳ ነው፣ ከተማው ጠበላ ይባላል፣ አባያ ሀይቅም ሩቅ አደለም። ወላይታን የሚያውቅ ሰው የመሬቱን ጥበት ያውቃል። ህዝቡ ብዙ ነው፣ ማሳው ትንሽ ነው፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ እንሰት ጓሮ ላይ ተደራርቦ ነው የሚበቅለው። እንዲህ ባለ አገር ተራራው ላይ ያለ ደን ማንም የማይተወው ሀብት ነው፣ ማገዶው ከዛ ነው፣ የቤት መስሪያው ከዛ ነው፣ ዝናብ ጠፍቶ እህል ሲያልቅ ደግሞ ከሰሉ ከዛ ነው።

ተራራው በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ ተራቆተ። ለምን ቢባል መልሱ ድህነት ብቻ አደለም። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ መሬት ሁሉ የመንግስት ሆነ፣ ደኑም እንደዛው፣ በተግባር ግን የመንግስት ደን ማለት ዘበኛ ሲኖር የሚፈራ ዘበኛ ሲሄድ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ የሚቆርጠው ማለት ሆነ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ በመላ አገሪቱ ብዙ የመንግስት ደን የተጨፈጨፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሰዉ ደን ጠልቶ ሳይሆን እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይቆርጠዋል ብሎ ነው። ይሄ ስሌት ሳይቀየር ምንም ያህል ችግኝ ቢተከል ተራራው ላይ አይቆይም።

ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ አካባቢውን ከደኑ ስራ ቀደም ብሎ ያውቀዋል፣ በልማት ፕሮግራሙ፣ እንደ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርት በመሳሰሉት። ሰዉ ድርጅቱን የሚያውቀው እርዳታ እንደሚሰጥ ነው። ይሄ ነገር በኋላ ላይ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው፣ እመለስበታለሁ።

ችግሩ በትክክል ምን ነበር

ተራራው ሲራቆት ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ታች ያለውን ማሳ ይደፍናል፣ ምንጮች ይቀንሳሉ፣ ማገዶ ለቀማ የሚሄዱት ሴቶችና ልጆች መንገዳቸው እየራቀ ይሄዳል። ይሄ የታወቀ ነው። የማይታየው ነገር ግን መሬቱ ውስጥ ነበር። ከሩቅ ራቁቱን የሚመስለው ተራራ ጠጋ ብሎ ላየው በጉቶ የተሞላ ነው፣ የግራር፣ የወይራ፣ የብሳና፣ የዋንዛ ጉቶ፣ እና ብዙዎቹ ጉቶዎች ስራቸው አልሞተም። በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፣ በየዓመቱ ፍየል ይበላቸዋል ወይ ማገዶ ለቃሚ ይለቅማቸዋል፣ ስለዚህ ከጉልበት በላይ ሳያድጉ ቁጥቋጦ እንደመሰሉ ይኖራሉ።

ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይሄንኑ ነገር ያየ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነበር፣ ችግኝ ሲተክል ቆይቶ ሲደርቅበት ነው ጉቶዎቹን ያስተዋለው፣ ከመሬት በታች ያለ ደን ብሎ ይጠራቸዋል። ወርልድ ቪዥን አውስትራሊያ ውስጥ ሲሰራ ይሄንን ሀሳብ ይዞ ነው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው። በ2004 ገደማ ድርጅቱ ቦታ ማጥናት ጀመረ፣ ሁምቦም ተመረጠ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ውይይት ነው የነበረው፣ እና ቀላል አልነበረም። ገበሬው ተራራው ይከለላል ሲባል የሰማው መሬታችሁ ሊወሰድ ነው ተብሎ ነው። በዚህ ሊፈረድበት አይችልም፣ በህይወቱ ያየው ክለላ ሁሉ ከሱ ወስዶ ለሌላ የሚሰጥ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ሊወስደው ነው ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ መጠቀሚያ መብቱ በማን ስም ይሁን የሚለው የግድ መጀመሪያ መለየት ነበረበት።

መፍትሄ የሆነው የኅብረት ስራ ማህበር ነው። ተራራውን የሚያዋስኑት ሰባት የደን ጥበቃና ልማት ማህበራት ተቋቋሙ፣ እያንዳንዱ የራሱ አባላት፣ የራሱ ኮሚቴ፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ያለው። አገሪቱ የኅብረት ስራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 147 ስለነበራት ህጋዊ ሰውነት ለማግኘት መንገዱ ክፍት ነበር፣ አዲስ ህግ መጠበቅ አላስፈለገም። ከዛ የደኑ የመጠቀሚያ መብት ለነዚህ ማህበራት ተሰጠ፣ መሬቱ የመንግስትና የህዝብ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ሳሩ፣ ማገዶው፣ ሲደርስ እንጨቱ፣ እንዲሁም ካርቦኑ ግን የማህበሩ ነው። ጠቅላላ ስፋቱ 2,728 ሄክታር ነው።

የሰነዱ ክብደት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ገበሬ ለልጁ የሚቆይ ዛፍ የሚጠብቀው ወረቀት ሲኖረው ነው፣ ቃል ብቻ ከሆነ የወረዳ ሀላፊ ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይቀየራል።

ከዛ የእጅ ስራው መጣ። ስራው ከላይ ሲታይ ቀላል ነው ግን መለማመድ ይፈልጋል። አንድ ጉቶ ላይ አስር፣ አስራ አምስት ቀንበጥ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ከነሱ ውስጥ ቀጥ ያሉት፣ ወፈር ያሉት፣ ከጉቶው ጋር በደንብ የተያያዙት ጥቂቶች ይመረጣሉ፣ ሌሎቹ ከስር ይቆረጣሉ። የተመረጡትም የጎን ቅርንጫፋቸው እስከ ግማሽ ቁመታቸው ድረስ ይገረዛል፣ ከግማሽ በላይ ከተገረዘ ግን ዛፉ ምግቡን የሚሰራበት ቅጠል ያጣል፣ ቀጥኖ ንፋስ ይጥለዋል። ቢላው ስለት ሊኖረው ይገባል፣ ደነዝ ከሆነ ቅርፊቱን ይገነጥለዋል፣ በተገነጠለው በኩል በሽታ ይገባል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል ምክንያቱም ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የተቆረጠው ሁሉ ማገዶ ነው፣ የትም አይጣልም፣ ይሄ ነው ዘዴውን ለደሃ ቤተሰብ የሚስማማ ያደረገው፣ የመጀመሪያው ጥቅም ሃያ ዓመት አይጠበቅም ወዲያው እጅ ላይ ነው።

ከብት ተራራው ላይ እንዳይለቀቅ ማህበራቱ ወሰኑ። በምትኩ ሳሩን አጭዶ ተሸክሞ መውሰድ ተፈቀደ። ክለላው እንደተጀመረ ሳሩ ቶሎ ነው ያገገመው፣ እና ተጠራጣሪውን ሰው ከዛፉ በፊት ያሳመነው ሳሩ ይመስለኛል፣ ለላምና ለቤት ክዳን ሳር ሲያጭድ የኖረ ሰው የሳር ዋጋ አይጠፋውም። ጉቶ በሌለበት ቦታ ደግሞ ችግኝ ተተከለ፣ አብዛኛው ደን ግን ከጉቶ የወጣ ነው። ጠባቂዎች ተቀጠሩ፣ ከዛው ከአባላቱ መሃል።

የካርቦኑ ጉዳይ

ፕሮጀክቱ በ2006 ተጀመረ፣ በታህሳስ 2009 ደግሞ በኪዮቶ ስምምነት (የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት አገሮች የተስማሙበት ውል) ስር በነበረው የንፁህ ልማት ሜካኒዝም ተመዘገበ፣ ይሄ ሀብታም አገሮች በድሃ አገሮች ፕሮጀክቶች የሚገኝ የካርቦን ክሬዲት የሚገዙበት ስርዓት ነው፣ በአፍሪካ በዚህ ስርዓት የተመዘገበ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። በ2012 የመጀመሪያዎቹ 73 ሺህ ገደማ ክሬዲቶች ተሰጡ፣ አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ነው።

ይሄ በወሬ ሲሰማ ትልቅ ነው፣ ግን ስሌቱን እናድርገው። በመጀመሪያዎቹ አስር ዓመታት ከሽያጩ ቢያንስ 700 ሺህ ዶላር ይገባል ተብሎ ነበር የታቀደው። ለሰባት ማህበራት ሲካፈል ለአንዱ በዓመት በአማካይ አስር ሺህ ዶላር ነው። በሄክታር ቢካፈል ደግሞ በዓመት ወደ 26 ዶላር። አንድ ቤተሰብ ከከሰል ከሚያገኘው ጋር በቤተሰብ ደረጃ የሚወዳደር ገንዘብ አደለም። ስለዚህ ካርቦን ሰዎቹን ከከሰል አስወጣቸው የሚል ሰው ካለ ቁጥሩ አይደግፈውም። ገንዘቡ የሚጠቅመው አንድ ላይ ሲሆን ነው፣ ማህበራቱም በብዛት ያዋሉት በጋራ ነገር ላይ ነው፣ እንደ እህል ወፍጮና እንደ እህል ማከማቻ ባሉ ነገሮች። ወፍጮ ቤት የሴቶችን ጊዜ ይቆጥባል፣ ለማህበሩም ገቢ ያስገባል፣ ማከማቻው ደግሞ ገበሬው በመኸር ሰሞን እህሉን በርካሽ እንዳይሸጥ ያግዘዋል። ይሄ በጥሬ ገንዘብ ለየቤቱ ከማከፋፈል የተሻለ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምን ሰራ

ደኑ ተመለሰ፣ ይሄ የማያከራክር ነው። ዛሬ ቦታውን በፊት ከነበረው ፎቶ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ቀነሰ፣ ምንጮች ተሻሉ፣ የዱር እንስሳት ተመለሱ።

ከሁሉ በላይ የሰራው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ማህበር፣ ከዛ የመብት ሰነድ፣ ከዛ ግርዛትና ክለላ፣ ካርቦን መጨረሻ ላይ። የካርቦን ገንዘብ ሲመጣ የሚቀበለው ማህበር የባንክ ደብተር፣ ኮሚቴና ደንብ ነበረው። ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ገንዘቡ መጥቶ ከዛ ማን ይከፋፈለው ተብሎ ቢሰበሰብ፣ ጭቅጭቁ ደኑን ይበላው ነበር።

ድርጅቱም በዚህ ስራ አደገ። ሶዶ አካባቢ 503 ሄክታር ላይ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ጀመረ፣ እዛ ግን የኪዮቶን ስርዓት ትቶ በበጎ ፈቃድ የካርቦን ገበያ ነው የሄደው (ገዢዎቹ ህግ ሳያስገድዳቸው የሚገዙበት ገበያ)። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ተጨመረ፣ ይሄ ትክክለኛ እርምጃ ነው፣ ምክንያቱም ደን ከልሎ የምጣድና የድስቱን እሳት እንዳለ መተው ሸክሙን ወደ ጎረቤት ተራራ ማሻገር ነው። የጉቶ ግርዛቱ ዘዴም ከሁምቦ ወጥቶ ትግራይን ጨምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደ።

ምን አልሰራም ወይም ከበደ

የመጀመሪያው፣ ከክለላው ወዲያው የተጎዱት ድሆቹ ነበሩ። ላም ያለው ሰው ሳር አገኘ። ላም የሌለው፣ መሬትም የሌለው፣ ማገዶ ሸክማ ገበያ የምታወጣ ሴት ወይ ከሰል የሚያከስል ወጣት ግን የእለት ገቢውን ነው ያጣው። የግርዛት ማገዶ የቤት ፍጆታን ይደጉማል እንጂ የሽያጭን ማገዶ አይተካም። እንዲህ አይነት ስራ ላይ እነዚህ ሰዎች በስም ተለይተው ገና ከመጀመሪያው ሌላ ገቢ ካልተዘጋጀላቸው በሌሊት ይመለሳሉ፣ እና ሲያዙ የሚቀጡት ድሃ የማህበሩ ጎረቤቶች ይሆናሉ። ጥበቃው ላይ ቅድሚያ ቅጥር ለነሱ መስጠት አንድ መንገድ ነው፣ ግን የጥበቃ ስራ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው እንስሳቱ ናቸው። ደኑ ሲመለስ ዝንጀሮና ከርከሮም ይመለሳል፣ በቆሎና ስኳር ድንች ላይ። ማሳው ከደኑ ዳር ያለው ገበሬ ጉዳቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ጥቅሙ ግን ለሁሉም አባል እኩል ነው። ለዚህ በደንቡ ውስጥ ማካካሻ ማስገባት ይቻላል፣ በካርቦን እቅድ ላይ ግን እንዲህ አይነት ወጪ ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ሦስተኛው የካርቦን ስርዓቱ ራሱ ነው፣ ይሄ ሰፋ አድርጎ መነገር አለበት። በንፁህ ልማት ሜካኒዝም ስር ደን የሚያገኘው ክሬዲት ጊዜያዊ ነበር፣ ዛፍ ሊቃጠል ሊቆረጥ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ክሬዲቱ ጊዜው ያልፍበት ነበር፣ ገዢው በሌላ መተካት ነበረበት። የአውሮፓ የካርቦን ገበያ ደግሞ የደን ክሬዲት ጭራሽ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ሻጩ ብዙ ገበሬ ነበር፣ ገዢው ግን በተግባር አንድ ነበር። ከምዝገባው በፊትም መሬቱ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ደን እንዳልነበረበት ማስረዳት፣ ድንበሩን በጂፒኤስ መለካት፣ ናሙና ቦታዎች መርጦ የየዛፉን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ መለካት፣ ገለልተኛ መርማሪ ማስመጣት ያስፈልግ ነበር። ከጅማሮው እስከ ምዝገባው ሦስት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው፣ ለማህበራቱ ብቻ ቢተው አይሞከርም ነበር። ድርጅቱ ያንን ወጪና እውቀት ባይሸከም ፕሮጀክቱ አይኖርም።

እና አራተኛው ከዚሁ ይወጣል። ሰነዱ እንግሊዝኛ ነው፣ ስሌቱ የባለሙያ ነው፣ ከገዢው ጋር የሚነጋገረው ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በካርቦን ስራ እየጎበዘ ሲሄድ ማህበራቱ በዛው ልክ እየጎበዙ ላይሄዱ ይችላሉ። ከላይ ድርጅቱ በእርዳታ ሰጪነት ነው የሚታወቀው ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል፦ ሰዉ አምኖት ስለነበር ወሬውን ሰማው፣ ግን ያው እምነት ችግር ሲመጣ ድርጅቱ ይፈታዋል ወደሚል ተስፋ ይወስዳል። ሰባቱ ማህበራት አንድ ላይ ዩኒየን መመስረታቸው ለዚህ ጥሩ መልስ ነው፣ አንድ ማህበር ብቻውን አካውንታንት መቅጠር አይችልም፣ ሰባቱ ተባብረው ይችላሉ።

ሌላ ቦታ ለሚጀምር

ችግኝ ከማዘዝ በፊት ተራራውን በእግር መዞርና ጉቶ መፈለግ ነው፣ ስሩ በህይወት ካለ ከችግኝ በጣም በረከሰ ዋጋና በፈጠነ ጊዜ ደን ይመለሳል፣ ምክንያቱም ስሩ ውሃ የሚያገኝበትን ጥልቀት አስቀድሞ ደርሶበታል። ጉቶ ከሌለ ግን ዘዴው አይሰራም፣ ስለዚህ ሁምቦ ላይ ሰራ ተብሎ ለሁሉም ተራራ አይታዘዝም።

የቡድኑ ስፋት ላይ ሁምቦን ከአዳባ ዶዶላ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ባሌ አካባቢ በጀርመን ድጋፍ የተሰራው የደን ነዋሪዎች ማህበር አሰራር አንድ ቡድን ከ30 አባወራ አይበልጥም ነበር፣ ለአንዱ አባወራ 12 ሄክታር ይታሰብ ነበር፣ ስለዚህ አንድ ቡድን ከ360 ሄክታር በላይ አይይዝም ነበር። ትንሽ ቡድን ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፣ ማን እንደቆረጠ አይሰወርም፣ ግን ቡድን ውስጥ ያልገባው ጎረቤት ይከፋል። የሁምቦ አይነት ሰፊ ማህበር የሚገለል ሰው ይቀንሳል፣ በምትኩ ቁጥጥሩ ላላ ይላል፣ አባል መሆን ምን እንደሚያስገኝም ለእያንዳንዱ ግልጽ አይሆንም። እኔ ህዝብ በበዛበት እንደ ወላይታ ባለ ቦታ ሰፊውን እመርጣለሁ፣ በስሩ ግን ሰፈር ሰፈር የሚጠብቅ ትናንሽ ቡድን ቢኖረው።

ህጉ ደግሞ ከሁምቦ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማህበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት አይነት አውቆታል፣ ስለዚህ አዲስ የሚጀምር ማህበር ከወረዳው ጋር ሲዋዋል ይሄን አዋጅ ይዞ መሄድ ይችላል፣ በፕሮጀክት ደብዳቤ ብቻ መወሰን የለበትም።

እና ካርቦን ከመፈረም በፊት የጥበቃውን ደሞዝ ማስላት ይገባል። ገዢው ኮንትራቱን በአስር ዓመት ውስጥ ቢጨርስ፣ ደኑ ግን 30 ዓመት ቃል የተገባለት ከሆነ፣ የቀሩትን ዓመታት ጠባቂ ማን ይከፍለዋል? ከሳር ሽያጭ፣ ከወፍጮው፣ ደኑን ለማሳሳት ከሚቆረጠው እንጨት፣ ከማር ስንት እንደሚገኝ በብር ተጽፎ የአባላት ጉባኤ ላይ መቅረብ አለበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ከፊርማው በፊት።